የካኖፒ ጥንዚዛ ጥናት፦ ስንት ዛፍ ነው የሚበቃው?

ጥያቄሽን አጠር አድርጌ ልድገመውና ልጀምር፣ ሌሎችም ስለሚያነቡት። ለማስተርስሽ ትሮፒካል የዝናብ ደን ካኖፒ (የዛፎቹ ጉልላት) ላይ ያሉ ጥንዚዛዎችን ብዝሃነት ልታጠኚ ነው፣ የመስክ ጊዜሽ አንድ ዓመት ነው፣ ፎጊንግ (ዛፉን በነፍሳት ማጥፊያ ጉም አጭሶ የሚወድቁትን መሰብሰብ) ለማድረግ አስበሻል፣ እና «ስንት ዛፍ ባጨስ ይበቃኛል? ፎጊንግ ብቻውን ያስኬዳል ወይ?» ነው ያልሽው።

እህቴ፣ የዛፍ ቁጥር ከመንገሬ በፊት አንድ ነገር ልበልሽ፣ ምክንያቱም ጎበዝ ጎበዝ ተማሪዎች እዚህ ጋ ሲቸገሩ አይቻለሁ። ጥንዚዛ ከዛፍ ማውረድ ያን ያህል ከባድ ስራ አይደለም። ቀኑ ከተመቸ በአንድ ጠዋት የምታወርጂው ለወራት ቁጭ ብለሽ የምትለዪው ሊሆን ይችላል። ከባዱ ያወረድሽው ምን እንደሆነ ማወቁ ነው። ስለዚ የዛፉን ብዛት የሚወስንልሽ ማይክሮስኮፕ ስር ልትጨርሺው የምትችይው መጠን ነው እንጂ የፎገሩ አቅም አይደለም፣ ስሌቱን ከዛ ጀምረሽ ወደ ኋላ ነው መስራት ያለብሽ።

ይሄን የምልሽ ዝም ብዬ አይደለም። ፓናማ ውስጥ ሳን ሎሬንዞ የሚባል ደን አለ፣ እዛ እ.ኤ.አ. በ2003 እና 2004 በኢቭ ባሴ መሪነት ኢቢስካ የተባለው ትልቅ ፕሮጀክት ተካሄደ፣ በክሬን በሉት በገመድ በባሎን በፎጊንግ በወጥመድ ያልሞከሩት ነገር የለም ማለት ይቻላል፣ ሁሉንም ያደረጉት ደግሞ በድምሩ 0.48 ሄክታር በሆነች መሬት ላይ ነው። 129,494 አርትሮፖድ (ነፍሳት፣ ሸረሪትና መሰሎቻቸው) ሰበሰቡ፣ 6,144 ዝርያ ሆነ፣ ከዛ ተነስተው 6,000 ሄክታር ገደማ የሆነው ደን በሙሉ ወደ 25,000 ዝርያ ይይዛል ብለው ገመቱ። ውጤቱ መቼ ወጣ? በ2012። 102 ተመራማሪ ተረባርቦ ማለት ነው። አንቺ አንድ ነሽ። ተስፋ እንድትቆርጪ አይደለም፣ ግን ፕሮፖዛልሽ ላይ «የመስክ ስራ 10 ወር፣ መለየት 2 ወር» ብለሽ ከሆነ ዛሬውኑ ገልብጪው።

ስለ ካኖፒ ጥንዚዛ ተወርቶ ቴሪ ኧርዊን ሳይነሳ አይቀርምና እሱን ላንሳ፣ ምክንያቱም ጥያቄሽ ውስጥ የተደበቀውን ችግር ከሱ ስራ በላይ የሚያሳይ የለም። ኧርዊን አሜሪካ ስሚዝሶኒያን ሙዚየም የነበረ የጥንዚዛ ሊቅ ነው፣ በ2020 አረፈ። በ1970ዎቹ ፓናማ ላይ ሉኤያ ሲማኒ የሚባል አንድ የዛፍ ዝርያ መረጠ፣ የዚህኑ ዝርያ 19 ዛፎች በተለያየ ወቅት አጨሰ፣ ወደ 1,200 የሚጠጋ የጥንዚዛ ዝርያ ወረደለት። አንድ የዛፍ ዝርያ ብቻ! ከዛ በ1982 ባወጣት በጣም አጭር ጽሁፍ እንዲህ ብሎ አሰላ፦ ቅጠል ከሚበሉት ውስጥ 20 በመቶው፣ ከአዳኞቹ 5 በመቶው፣ ፈንገስ ከሚበሉት 10 በመቶው፣ ሙትና ብስባሽ ከሚለቃቅሙት 5 በመቶው የዚህ ዛፍ ብቻ ናቸው እንበል፣ ድምሩ 163 ይመጣል። ትሮፒክስ ላይ 50,000 ገደማ የዛፍ ዝርያ አለ፣ ስለዚ 163 ሲባዛ በ50,000 ከ8 ሚሊዮን በላይ የካኖፒ ጥንዚዛ ይሆናል። ጥንዚዛ ከአርትሮፖድ 40 በመቶ ነው ካልን ካኖፒው ላይ ብቻ 20 ሚሊዮን ዝርያ፣ መሬት ላይ ያለው የዚህ ግማሽ ነው ብለሽ ስትጨምሪ 30 ሚሊዮን። ያኔ ስም የተሰጠው ሕይወት ያለው ነገር ሁሉ ተደምሮ 2 ሚሊዮን እንኳን አይሞላም ነበርና ይሄ ቁጥር ዓለምን አነቃነቀ።

አሁን እዚህ ስሌት ውስጥ ከዛፍ የወረደው የቱ ነው? 1,200ው ብቻ። ሌላው ግምት ነው። 20 በመቶ የምትለዋን ፎጊንግ አልነገረውም፣ ሊነግረውም አይችልም፣ ምክንያቱም ትሪ ላይ የወደቀች ጥንዚዛ ያንን ቅጠል ትብላው፣ እዛ ላይ ተኝታ ትደር፣ ከጎን ዛፍ በንፋስ መጥታ ትረፍ አታውቂም። በኋላ ሰዎች ይቺን ነጥብ እየያዙ ነው ቁጥሩን ያወረዱት። ፍሮደ ኧደጎር ፓናማ ላይ ክሬን ውስጥ ሆኖ ጥንዚዛዎቹ በትክክል የትኛው ተክል ላይ እንደሚመገቡ ተከታትሎ በ2000 ግምቱን ወደ 5 ሚሊዮን አካባቢ አወረደው። ቮይቴክ ኖቮትኒና ጓደኞቹ ኒው ጊኒ ላይ ከ51 የተክል ዝርያዎች 900 የሚሆኑ የቅጠል በል ነፍሳት ዝርያዎችን ሰብስበው በ2002 ያሳዩት ደግሞ አብዛኞቹ በአንድ ዛፍ የማይወሰኑ፣ ዝምድና ያላቸውን ዛፎች የሚጋሩ መሆናቸውን ነው፣ የነሱ ግምት ከ4 እስከ 6 ሚሊዮን ሆነ። ናይጀል ስቶርክ ከሌሎች ጋር በ2015 ያወጣው ጥንዚዛን ወደ 1.5 ሚሊዮን፣ ነፍሳትን በሙሉ ወደ 5.5 ሚሊዮን ያደርሰዋል። እስካሁን ስም ያገኘው ጥንዚዛ 400,000 ገደማ መሆኑን አስቢና የቀረውን ስራ ገምቺው።

እኔ ኧርዊንን በጣም ነው የማከብረው፣ እያንዳንዷን ግምት ፊት ለፊት አስቀምጦ ኑና ፈትሿት ያለ ሰው ነው፣ ሳይንሱም የሄደው በዛች በር ገብቶ ነው። አንቺም ቴሲስሽ ላይ የቱ የለካሽው የቱ የገመትሽው እንደሆነ እንደሱ ለይተሽ ጻፊ፣ የሚፈትንሽ ሰው መጀመሪያ የሚፈልገው እሱን ነው።

ወደ ፎጊንጉ። ማሽኑ መድሃኒቱን በሙቀት ወደ ደቃቅ ጉም ይቀይረዋል፣ ጉሙ ቅጠሉ መሃል ቀስ እያለ ይወጣል፣ የነካቸው ነፍሳት ነርቫቸው ይመታና መያዝ እያቃታቸው ይወድቃሉ። መድሃኒቱ የተፈጥሮ ፓይሬትረም ቢሆን ነው የምመርጠው፣ ፀሐይ ሲነካው ቶሎ ይበላሻል፣ አጥቢ እንስሳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ዝቅተኛ ነው፣ ዓሣን ግን ክፉኛ ይገድላል። ስለዚ ወንዝ ዳር ወይ ኩሬ አጠገብ ያለ ዛፍ ምንም ያህል ቢያጓጓሽ ተዪው። ሰዓቱ ጎህ ሲቀድ ነው፣ ፀሐይ ቅጠሉን ስታሞቀው አየሩ መንቀሳቀስ ይጀምራልና ጭሱ አንቺ የፈለግሽው ዛፍ ትቶ ጎረቤት ይገባል። ሌሊት ዝናብ ከነበረ ቅጠሉ እርጥብ ነው፣ የሞቱት እዛው ተጣብቀው ይቀራሉ፣ እንደዛ ያለ ቀን በቃ ይለፍሽ፣ ቀን ስለባከነ ብለሽ አታጭሺ። ረጅም ዛፍ ከሆነ ደግሞ ከመሬት የለቀቅሽው ጭስ ጫፉ ጋ ሳይደርስ ሊበተን ይችላል፣ ማሽኑን በገመድ ወደ ላይ መሳብ ይሻላል።

ከስር የምትሰቅያቸው ትሪዎች 1 ካሬ ሜትር ይሁኑ፣ ሁሉም እኩል፣ ከመሬት ከፍ ብለው፣ መሃላቸው ወደ ታች እየጠበበ ጫፉ ላይ የአልኮል ጠርሙስ የሚታሰርበት ጨርቅ። ካሬ ሜትሩ ዋጋው ምንድነው፣ በኋላ «በአንድ ካሬ ሜትር ይሄን ያህል» ብለሽ ማወዳደር መቻልሽ ነው። ጭሱ ከተለቀቀ በኋላ መጀመሪያ ብዙ ጊዜ የሚወርዱት ዝንቦችና ጥቃቅን ተርቦች ናቸው፣ ከዛ ጥንዚዛዎቹ ጨርቁን ጠብ ጠብ እያሉ ይመቱታል፣ ዝም ብለሽ ከቆምሽ ድምጻቸው ይሰማል። አፍንጫ ረጃጅሞቹ የነቀዝ ዘመዶች እግራቸውን ሆዳቸው ስር አጥፈው ነው የሚወድቁት፣ ቅጠል በሎቹ እግራቸው ሲንፈራገጥ ታያለሽ፣ አጭር ክንፍ ያላቸው ቀጫጭኖቹ ስታፊሊኒዶች ደግሞ ሆዳቸውን ወደ ላይ ቆልምመው ይዞራሉ። ለሁለት ሰዓት ያህል ጠብቂ። ከዛ በላይ ከቆየሽ የመሬት ጉንዳን ገመዱን ይዞ ወጥቶ ናሙናሽን ተሸክሞ ይሄዳል፣ ስለዚ ገመዱ ላይ ቅባት ነገር ቀቢበት። ስታወርጂ ጣት የለም፣ አልኮል በሚረጭ ጠርሙስ ከጨርቁ ጠርዝ ወደ መሃል እያጠብሽ ለስላሳ ብሩሽ አስከትይ፣ ምክንያቱም 2 ሚሊ ሜትር የማትሞላ ጥንዚዛ እርጥብ ጨርቅ ላይ ከተለጠፈች የቅጠል ፍርፋሪ ነው የምትመስለው፣ የአዲስ ዝርያ ብዛት ያለው ደግሞ እዛ መጠን ውስጥ ነው። ትልልቆቹን የሚያብረቀርቁትን ማንም አይስታቸውም።

አንድ ነገር አደራ፣ የየትሪውን ጠርሙስ አትቀላቅዪ! ቦታ ለመቆጠብ ብለው አንድ ዛፍ ስር ያለውን ሁሉ ወደ አንድ ጠርሙስ የሚገለብጡ አሉ፣ ያንን ካደረግሽ አንድ ዛፍ ውስጥ ያለውን ልዩነት ከዛፍ ዛፍ ካለው ልዩነት የምትለይበት መንገድ ጠፋ ማለት ነው፣ በኋላ በምንም ስታትስቲክስ አይመለስም።

ፎጊንግ ብቻውን ይበቃል ወይ ላልሽው፣ እንደ ጥያቄሽ ነው። «በዚህ ዛፍ ጉልላት ላይ ውጪ ውጪውን የሚኖረው ጥንዚዛ ስንት ነው» ከሆነ አዎ ይበቃል፣ ከሱ የተሻለ የለም። የማያወርዳቸው ግን ብዙ ናቸው። እንጨት ውስጥ ገብተው የሚቦረቡሩት ትሎች፣ ቅርፊት ስር ያሉት፣ በተጠቀለለ ቅጠል ውስጥ ያሉት፣ ቅርንጫፍ ላይ በበቀሉት ተክሎች ስር በተከማቸ አፈርና ብስባሽ ውስጥ ያሉት አይወርዱም። ከላይ የወደቀውም ሁሉ አንቺ ጋ አይደርስም፣ መሃል ላይ ያሉ ቅጠሎች ይቀበሉታል። እና ሐረግ! ትሮፒካል ደን ውስጥ የአንድ ዛፍ ጉልላት ብቻውን የቆመ እንዳይመስልሽ፣ ሐረጉ ከሦስት ከአራት ዛፍ ጋ አስተሳስሮታል፣ ስለዚ ከማጨስሽ በፊት በባይኖኩላር ቁጭ ብለሽ እያንዳንዱ ትሪ በላይ ምን እንዳለ መዝግቢ፣ የዛፉ ቅጠል ነው፣ ሐረግ ነው፣ የጎረቤት ቅርንጫፍ ነው። አሰልቺ ስራ ነው፣ ግን ዳታሽን ስትተነትኚ ታመሰግኚኛለሽ። አበባና አዲስ ቅጠልም መዝግቢ። አዲስ ቅጠል ያወጣ ዛፍ ላይ የቅጠል ጥንዚዛው ይበዛል፣ ያበበ ዛፍ ደግሞ ከሌላ ጊዜው ጋ ጨርሶ አይገናኝም፣ ይሄን ሳትጽፊ ሁለት ዛፍ ብታወዳድሪ የምታወዳድሪው አበባ ከቅጠል ሊሆን ይችላል።

እኔ የምመክርሽ ፎጊንጉ ላይ አንድ ነገር ብቻ ጨምሪ፣ የበረራ መጥለፊያ ወጥመድ። ግልጽ ፕላስቲክ ወይ ጥቁር መረብ ነው፣ የምትበረው ጥንዚዛ ስትመታው ክንፏን አጥፋ ትወድቃለች፣ ከስሩ ፈሳሽ ያለበት ገንዳ ይቀበላታል። የዓሣ ማጥመጃ ክር በትልቅ ወንጭፍ ጠንካራ ቅርንጫፍ ላይ አሳልፈሽ፣ በሱ ገመድ ጎትተሽ፣ ወጥመዱን ከመሬት ሆነሽ እንደ ባንዲራ ታወጪዋለሽ ታወርጂዋለሽ፣ ዛፍ መውጣት አያስፈልግሽም። ሌት ተቀን ይሰራል፣ ንፋስ አይመርጥም፣ ወራት ሙሉ ይሰበስብልሻል። ገንዳው ውስጥ አልኮል አታድርጊ፣ ኤታኖል የደከመ ዛፍ ሽታ ስለሆነ እንጨት የሚበሱትን ትንንሽ ጥንዚዛዎች ከሩቅ ይጠራል፣ ካኖፒው በነሱ የተሞላ ይመስልሻል። ፕሮፒሊን ግላይኮል ይሻላል፣ ከጠፋ የጨው ውሃ ከጥቂት ጠብታ የእቃ ሳሙና ጋር። የዝናብ ውሃ እንዲፈስ ከጎኑ በወንፊት የተሸፈነ ቀዳዳ ይኑረው፣ ካልሆነ አንድ ኃይለኛ ዝናብ የሳምንት ስራሽን ይዞት ይሄዳል። ብቻ ወጥመድ የሚለካው ስንት አለ የሚለውን ሳይሆን ስንት ይበራል የሚለውን ነው፣ ከፎጊንጉ ቁጥር ጋ እንዳትደምሪው።

ወጥመዱን ስትሰቅይ አንድ ላይ አንድ ታች ጥንድ ጥንድ አድርጊው። ብዙ ሰው ካኖፒው ሀብታም መሬቱ ድሃ ነው ብሎ ነው የሚጀምረው። አውስትራሊያ ዴንትሪ ያለው ክሬን ጋ ስቶርክና ግሪምባከር ለ4 ዓመት ጥንድ ወጥመድ ሰቅለው ወደ 30,000 የሚጠጋ ጥንዚዛ፣ 1,473 ዝርያ አገኙ፣ ላይኛውና ታችኛው በቁጥርም በዝርያ ብዛትም ተመጣጣኝ ሆኖ ነው የተገኘው። የዝርያዎቹ ስብጥር ግን ይለያያል፣ ላይ ብቻ የሚኖሩ አሉ፣ ታች ብቻ የሚኖሩ አሉ። የመሬቱን ሳትለኪ «ይሄ የካኖፒ ዝርያ ነው» ማለት አትችይም።

ጥያቄሽ «ማን ምን ይበላል» ከሆነ ግን ሁለቱንም ተዪያቸው። በገመድ ወጥተሽ ወይ ክሬን ካለ በክሬን ሆነሽ ቅርንጫፍ እየመታሽ ጥንዚዛውን በሕይወት ይዘሽ፣ ከዛው ዛፍ ትኩስ ቅጠል ጋ ከረጢት ውስጥ አስቀምጠሽ፣ በማግስቱ ቅጠሉ ተበልቷል አልተበላም ብለሽ ማየት ነው ያለብሽ። ቀርፋፋ ነው፣ ግን ኧርዊን መገመት ግድ የሆነበትን 20 በመቶ የሚተካው ይሄ ስራ ነው። ለግንድና ለቅርንጫፍ በሳሾቹ የደረቀ ቅርንጫፍ ቆርጠሽ መረብ ውስጥ አስቀምጠሽ እስኪፈለፈሉ መጠበቅ ነው፣ ወራት ይፈጃል። ገመድ ለመውጣት ካሰብሽ በባለሙያ ሰልጥነሽ፣ ሁሌም ከሌላ የሰለጠነ ሰው ጋ፣ ብቻሽን በፍጹም።

እሺ ስንት ዛፍ? የትሮፒክስ ነፍሳት ዳታ አንድ የማይለቅ ጠባይ አለው፣ ካገኘሻቸው ዝርያዎች ብዙዎቹ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚገኙት። የተለያዩ የትሮፒካል አርትሮፖድ ጥናቶች ተሰብስበው ሲታዩ በአማካይ ከዝርያዎቹ 32 በመቶው በአንድ ናሙና ብቻ የተወከሉ ናቸው። ስለዚ «ኩርባው (ናሙና በጨመርሽ ቁጥር የዝርያው ብዛት የሚያድግበት መስመር) ጠፍጣፋ እስኪሆን አጨሳለሁ» ብለሽ አትጀምሪ፣ አይሆንም፣ ዕድሜሽን ሙሉ ብታጨሺም ይወጣል። ማድረግ የምትችይው ምን ያህሉ እንዳመለጠሽ መገመት ነው። የስታትስቲክስ ሊቋ የአን ቻው ቀመር ቀላል ነው፣ አንዴ ብቻ የተገኙትን ዝርያዎች ቁጥር በራሱ አባዢ፣ ሁለቴ የተገኙትን እጥፍ አድርገሽ አካፍይበት፣ ካገኘሽው ላይ ደምሪ። ለምሳሌ 300 ዝርያ አግኝተሽ 100ው አንድ አንድ፣ 40ው ሁለት ሁለት ጥንዚዛ ብቻ ከሆኑ፣ 10,000 ለ80 ሲካፈል 125 ነው፣ ስለዚ ቢያንስ 425። ቢያንስ የምትለዋን አትርሺ፣ ቀመሩ የሚሰጥሽ የታችኛውን ወለል ነው። ሁለት ዛፍ ስታወዳድሪም በጥንዚዛ ቁጥር ብቻ ሳይሆን በናሙናው ሽፋን (ከዛፉ ጥንዚዛዎች ምን ያህሉ አንቺ ካገኘሻቸው ዝርያዎች እንደሆኑ) አመጣጥነሽ አወዳድሪ፣ አሁን ለዚህ የሚሆን ነጻ ሶፍትዌር አለ።

እነዚህ አንዴ ብቻ የሚገኙት ዝርያዎች ሌላም ነገር ያሳስታሉ። ኧርዊን ብራዚል ማናውስ አካባቢ 4 ዓይነት ደን አጭሶ ከ1,080 የጥንዚዛ ዝርያ 83 በመቶው በአንዱ የደን ዓይነት ብቻ፣ 1 በመቶው ብቻ ነው በአራቱም የተገኘው። ይሄ ደኖቹ በእውነት እንደሚለያዩ ያሳያል፣ ግን ከዛ ውስጥ የተወሰነው ዝርያው ሌላውም ደን ውስጥ እያለ ስላልተያዘ ብቻ ነው። የቱ የቱ እንደሆነ የሚለይልሽ ድግግሞሽ ነው። ስለዚ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን 10 የዛፍ ዝርያ አንድ አንድ ከማጨስ 2 የዛፍ ዝርያ መርጬ ከእያንዳንዱ 5 ዛፍ፣ እያንዳንዱ ስር 8 ትሪ፣ አንዴ በዝናብ አንዴ በደረቅ ወቅት አጨስ ነበር። ዛፎቹ አንድ ጥግ ላይ ተጠጋግተው አይሁኑ፣ የደን ዓይነቱ አንድ ይሁን። ሁለቱን የዛፍ ዝርያዎች ስትመርጪ ዝምድናቸውን እይ፣ የኒው ጊኒው ስራ እንዳሳየው የቅርብ ዘመዳሞች ብዙ ነፍሳት ይጋራሉ፣ ስለዚ ከአንድ ወገን የሆኑ ከመረጥሽ ልዩነት ብታጪ አይግረምሽ።

ይሄ 20 ፎጊንግ ነው፣ 160 ጠርሙስ። ብዙ ነው። ለዛ ነው ሁሉንም ጥንዚዛ እስከ ዝርያ እለያለሁ አትበይ የምልሽ። ሁሉንም እስከ ፋሚሊ ለዪ፣ ከዛ ሁለት ወይ ሦስት ፋሚሊ መርጠሽ እነሱን እስከ ዝርያ ውረጂ፣ ነቀዞቹንና የቅጠል ጥንዚዛዎቹን ብትይዢ ለተክል ጥያቄ ይሆናሉ፣ አዳኝ ከፈለግሽ ካራቢዶቹን። ስታፊሊኒዶቹን መሪሽ ያንን ፋሚሊ የሚያውቅ ካልሆነ በስተቀር አልመክርሽም፣ ብዛታቸውም ጥቃቅንነታቸውም ጊዜሽን ይበላዋል። ኧርዊን ራሱ ያን ሁሉ ጥንዚዛ እያወረደ በጥልቀት የያዘው ካራቢዶችን ነበር።

አብዛኞቹ ስም ስለሌላቸው የምትሰሪው በሞርፎስፒሺስ ነው፣ ማለት «ነቀዝ 1፣ ነቀዝ 2» እያልሽ ነው። ጥሩ ዘዴ ነው፣ ግን ሁለት ወጥመድ አለበት። አንዱ ወንድና ሴት ነው፣ የአንዳንድ ነቀዝ ሴት አፍንጫዋ ከወንዱ ረዝሞ ቀጥኖ ይገኛል፣ ሁለት ዝርያ አድርገሽ ትቆጥሪያለሽ። ሌላው ተቃራኒው ነው፣ ሁለት ቡናማ 2 ሚሊ ሜትር ጥንዚዛ፣ ጀርባቸው ላይ ያለው የነጥብ መስመር አንድ፣ ቀንዳቸው አንድ፣ ወንዶቹን ከፍተሽ የመራቢያ አካሉን ስታወጪ ግን አንዱ ጫፉ ሹል ሌላው ሹካ ነው፣ በቃ ሁለት ዝርያ ናቸው። ስለዚ ከእያንዳንዱ ሞርፎስፒሺስ ጥቂት ወንዶች ክፈቺ፣ ከእያንዳንዱ አንድ በመርፌ የተሰካ ማመሳከሪያ ይኑርሽ፣ አዲስ የመጣችውን ሁሉ ከሱ ጋ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ እይ፣ በፎቶ ብቻ አትወስኚ።

ዲኤንኤ እዚህ ጋ በጣም ይረዳል። ባርኮድ የሚባለው የሚቶኮንድሪያ ጂን ቁራጭ ወደ 658 ቤዝ ነው፣ ከአንድ እግር ይወጣል፣ ወንድና ሴትን ያገናኝልሻል፣ ትልን ከጥንዚዛው ጋ ያገናኝልሻል። ለዚህ ግን ከመጀመሪያው 95 በመቶ አልኮል ውስጥ መግባት አለባቸው፣ በማግስቱ ደግሞ አልኮሉን ቀይሪው፣ ከሰውነታቸው የሚወጣው ውሃ ያቀጥነዋል፣ ከዛ ቀዝቃዛና ጨለማ ቦታ። ጠርሙሱን በሙሉ ፈጭቶ ዝርያ ማውጣት የሚባለው ዘዴ ዝርዝር ይሰጥሻል፣ ስንት ስንት እንደነበሩ ግን በአስተማማኝ አይነግርሽም፣ ናሙናውም ይጠፋል፣ ከስም የለሽ ዝርያ ጋ ስትሰሪ ናሙና ማጥፋት ለኔ አይዋጥልኝም።

ሌብሉ ጠርሙሱ ውስጥ ይግባ፣ በእርሳስ ይጻፍ። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ይሟሟል። የዛፍ ቁጥር፣ የትሪ ቁጥር፣ ቀን፣ የተለቀቀበት ሰዓት፣ ቦታ፣ ሁሉም በእያንዳንዱ ላይ፣ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ አለ ብለሽ «ሀ3» ብቻ አትጻፊ፣ ከ20 ዓመት በኋላ ያንን ጠርሙስ የሚከፍተው ሰው ደብተርሽ የለውም።

የመሰብሰቢያና ናሙና ወደ ውጭ የመላኪያ ፈቃድ ከአሁኑ ጀምሪ፣ ከናጎያ ፕሮቶኮል (የጄኔቲክ ሀብት አጠቃቀም ዓለም አቀፍ ስምምነት) በኋላ ብዙ አገር የጄኔቲክ ናሙናን ለብቻው ያያል፣ ለዲኤንኤ የምትልኪው እግር ሳይቀር ፈቃዱ ላይ በግልጽ ይጠቀስ። ለማመሳከሪያ ያስቀመጥሻቸው ጥንዚዛዎች መጨረሻ የሚገቡበትን ሙዚየምም አሁኑኑ አነጋግሪ፣ የአገሩ ሙዚየም ቢሆን ይመረጣል።

የመረጥሻቸውን የሁለቱን ዛፎች ስም፣ የሚያብቡበትን ወርና የደኑን ዓይነት ጻፊልኝ። ማይክሮስኮፕ ላይ በሳምንት ስንት ሰዓት እንደምታገኚም ንገሪኝ፣ 8 ትሪው ይብዛ ይነስ እሱን ይዘን ነው የምናሰላው።